አሥራ ስድስት ሚሊሜትር

የቀራጩ እህት ባል የበሩን ሳንቃ ለሦስተኛ ጊዜ ከማሽኑ ላይ አንሥቶ ወለሉ ላይ ወረወረው። ቀራጩ ጎንበስ ብሎ፣ ማሽኑ የቀረጸውን ሐረግ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። አንድ ሜትር መሆን የሚገባው ሐረግ በአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ያጥራል። ፊቱ አልተለወጠም፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ጠጣ።

"ይኸውልህ ጋሼ! ሞተሩን ቀየርኩ፣ ሽቦውን ቀየርኩ፤ አሁንም ያው!" አለ አማቹ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"የግማሽ ሜትሩስ?"

"ስምንት ያጥራል።"

"ትናንትስ?"

"ስምንት! እንደ ሐኪም ትጠይቀኛለህ፤ መድኃኒቱን ግን አታዝልኝም።"

ቀራጩ መጠየቅም አላስፈለገውም ነበር። ሞተር ቢደክም ወይም መጋጠሚያ ቢላላ ስህተቱ አንድ ጊዜ ሦስት፣ ሌላ ጊዜ ሰባት በሆነ ነበር። ከርዝመቱ ጋር እኩል የሚያድግ ጉድለት የቁጥር ጉድለት ነው። ቁጥሩ ደግሞ የራሱ የቀራጩ ነው። የመጀመሪያውን ማሽን ከቁርጥራጭ ብረት ሲገጣጥም፣ ጠረጴዛውን የሚገፋውን ጠመዝማዛ ዘንግ ያገኘው ከተጣለ የፋብሪካ መሣሪያ ላይ ነበር። ዘንጉ በኢንች የተቆረጠ ስለነበር፣ ሞተሩ ለአንድ ሚሊሜትር ስንት እርምጃ መራመድ እንዳለበት አስልቶ፣ ለዚያ ዘንግ ብቻ የሚሆን ቁጥር ማሽኑን በሚያዝዘው የኮምፒውተር ፋይል ውስጥ ጻፈ። አማቹ በዚያ ማሽን ላይ ሁለት ዓመት አብሮት ሠራ። ከዚያም አንድ ማለዳ ሥዕሎቹንም፣ ፋይሉንም፣ የሆቴሉን የስልሳ በር ሥራም ይዞ ሄደ። ለራሱ ማሽን በሚሊሜትር የተቆረጠ አዲስ ዘንግ ገዛ፤ ፋይሉን ግን ከነቁጥሩ እንዳለ ገለበጠው። ሌባ የሰረቀውን አይመረምርም።

ሆቴሉ የናሙናውን በር ዛሬ ከሰዓት ያያል። ካልወደደው ሥራው ወደ ቀራጩ ይመለሳል። ሞተሩን ያስቀየረውም፣ ሽቦውን ያስቀየረውም ይኸው ቀራጭ ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ የመጀመሪያውን የሠራኸው አንተ አይደለህ? እንዴት ይጠፋሃል?" አለች እህቱ ከደጃፉ ቆማ።

"እኔ የማውቀው የኔን ነው። የዚህን ፋይል ከየት አመጣችሁት?"

"ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት" አለ አማቹ ፈጠን ብሎ።

"እንግዲያው ኢንተርኔትን ጥራውና ይጠግንልህ።"

እህቱ ባሏን አየችው። "ንገረው" አለች በዝግታ።

"ምኑን ነው የምነግረው?"

አማቹ "ካንተ ወሰድኩ" ቢል ኖሮ ቀራጩ ቁጥሩን በግማሽ ደቂቃ ያርመው ነበር፤ ቢያንስ ራሱን እንዲያ ብሎ አሳምኗል። ቂመኛ ለቂሙ ፍትሕ የሚል ስም ማውጣት አይቸግረውም።

"ዘንጉ ነው!" አለ አማቹ በድንገት። "የሸጠልኝ ሰውዬ አሞኝቶኛል። ሌባ!"

"ሌባማ ሞልቷል" አለ ቀራጩ።

አማቹ የዘንጉን ማሰሪያዎች ፈታ። ዘንጉ ግን ከሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልወጣ አለ። ቢጎትት፣ ቢያወዛውዝ እምቢ አለው። ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ።

"ጋሼ፣ እባክህ መዶሻ አቀብለኝ!"

ጠረጴዛው ላይ ሁለት መዶሻዎች ነበሩ፤ አንዱ የብረት፣ ሌላው የእንጨት። የብረቱ የዘንጉን ጫፍ በአንድ ምት ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ቢታረም እንኳ ማሽኑ ሐረግ አይቀርጽም። ቀራጩ የብረቱን አነሣ። ክብደቱ ለእጁ ተስማማው። ከተዘረጋው መዳፍ በላይ አሻግሮ ዘንጉን አየ። በጥርሶቹ ላይ አንዲት ጭረት የለችም፤ እርሱ በዕድሜው እንዲህ ያለ ዘንግ ገዝቶ አያውቅም።

የብረቱን አስቀምጦ የእንጨቱን አቀበለው።

"ቀስ ብለህ ምታ" አለው። "ዘንጉ ምንም አላጠፋ።"

ስለ ቁጥሩ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።