መጋረጃ ሰፊዋ ከዳነች በኋላ

ሐኪሙ የምርመራ ውጤቱን አይቶ ሲያበቃ መነጽሩን አወለቀና፣ «መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል። አሁን የሚታይ ነገር የለም። በየሦስት ወሩ ብቅ እያልሽ እናይሻለን እንጂ ከእንግዲህ ኑሪ» አላት።

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ቃል ስትመኘው ኖራ፣ ሲመጣላት ግን ማልቀሱም መሳቁም እምቢ አላት። አጠገቧ የተቀመጠው ባሏ ኮፍያውን በጣቱ እያሽከረከረ ወለሉን ያያል። ሐኪሙ ሁለቱንም አፈራርቆ አያቸውና፣ «ምነው፣ ደስ አላላችሁም እንዴ?» ሲል ባልየው ቀና ብሎ፣ «ደክሞን ነው ዶክተር» አለ። እውነቱን ነበር።

በታክሲው የኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ወደ ሰፈር ሲቃረቡ ባልየው፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት፣ ፈተና ላለፈ የጎረቤት ልጅ እንደሚባለው። «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለችው እሷም። ከዚያ ሁለቱም በየመስኮታቸው ወደ ውጭ ማየት ቀጠሉ።

ሰው የማያውቀው፣ እነሱ ግን የማይረሱት አንድ ነገር በመሃላቸው ነበር። በሽታው ሊታወቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ባልና ሚስቱ ለመለያየት ተስማምተው ነበር። ጠብ አልነበረም፤ የተሰበረ ዕቃም፣ የተያዘች ውሽማም፣ የተነሳ እጅም የለም። ሃያ ምናምን ዓመት አብረው ኖረው፣ አንዲት ልጃቸውን አሳድገው ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሸኙ በኋላ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ቀረና ጨዋታ ጠፋ። ያለችው ወሬ «መብራቱን አጥፋው» እና «በሩን ዝጊው» ሆነች። አንድ ምሽት ከእራት በኋላ እሷ ነገሩን አነሳችው፤ እሱም ሲጠብቀው የኖረ ይመስል አልተከራከረም። ሱቃቸውን እንደሚዘጉ ሸሪኮች በሰላም ተነጋገሩ። ባልየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነውና ከሚሠራበት ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየ። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀምሮ ሳለ ነው፣ እሷ ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰችው።

ሻንጣው ተመልሶ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጣ። ስለ መለያየትም ዳግመኛ ማንም ትንፍሽ አላለም።

እብጠቱ ካንሰር ሆኖ ኬሞው ሲጀመር ባልየው ማንም ያልጠበቀው ሰው ሆኖ ተገኘ። ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ሾርባ መሥራት ተማረ። ሲያስመልሳት ሳህን ይዞ ያጎነብሳል፤ አፏ ቆስሎ መዋጥ ሲያቅታት በትንሽ ማንኪያ እያበረደ ያጎርሳታል። ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ ሲነቀል የራሱን መላጫ አምጥቶ ላጫት፤ ከዚያ በመስታወት የእሷንም የራሱንም መላጣ አይቶ፣ «አሁን ማን ባል ማን ሚስት እንደሆነ በምን ይለዩናል?» አላትና አሳቃት። የሌሊት ልብሷን አጥቦ ገመድ ላይ ሲያሰጣ ያዩት የሰፈሩ ሴቶች «ቅዱሱ» የሚል ስም አወጡለት። ከባሎቻቸው ጋር ሲጣሉም መሳደቢያ አደረጉት፤ «ሂድና ከቅዱሱ ተማር!» ይላሉ። እሱ ግን ይህን ስም እንደ ጠባብ ጫማ ይጠላው ነበር።

መዳኗ በተሰማ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሟ ቤቱን አሰናድቶ ዘመድ አዝማዱን ምሳ ጠራ። የመጣ ሁሉ እጇን ይዞ፣ «ሁለተኛ ዕድል ነው የተሰጠሽ፣ እንዳታባክኚው» ይላታል። አንዷ ዋና ተማሪ አለቻት፤ አንዷ በየማለዳው ካሮት ጨምቀሽ ጠጪ፤ ጡረታ የወጣው አጎቷ ደግሞ አገር ዙሪ አላት፣ እሱ ራሱ ከሰፈሩ ወጥቶ የማያውቀው። ሰው ከሞት ሲተርፍ ለካ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፣ ብላ አሰበች። እሷ በዚያች ሰዓት የምትመኘው ጫማዋን አውልቃ መጋደም ብቻ ነበር።

ምሳው ሲያልቅ ወንድምየው ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። «እህቴን ስሰጠው፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አልወደደውም ነበር» አለ። «ዛሬ ግን ከእኔ ከወንድሟ በልጦ ተገኝቷል። ይህ ትዳር በእሳት ተፈትኖ ወርቅ ሆኗል። ከእንግዲህ ሞት እንጂ ምንም አይለያቸውም።»

ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ወደ ባሏ ዞር ስትል፣ የጎረሰውን መዋጥ አቅቶት ሳህኑ ላይ አፍጥጧል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ይመስል ነበር። አሳዘናት። ለራሷም አዘነች።

ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከባልደረባዋ ጋር በጋራ በያዙት ሱቅ መስኮት ለክተው መጋረጃ ይሰፋሉ። መድኃኒቱ ግን የጣቶቿን ጫፍ አደንዝዞት ነው የሄደው። ሐር ይሁን ጆንያ ዳብሳ አትለየውም፤ መርፌ ቢወጋትም የምታውቀው ደም ስታይ ነው። «እባክሽ ተጠንቀቂ» አለቻት ባልደረባዋ፣ «ጣትሽን አብረሽ ሰፍተሽ የደንበኛው መስኮት ላይ እንዳንሰቅለው።» ሳቁ። እኩለ ቀን ሲሆን ግን ዓይኗ መከደን ይጀምራል፤ በተጠቀለለው ጨርቅ ላይ ጋደም ብላ ትቀራለች። ፀጉሯ አድጎ፣ ፊቷ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ሲላት ድካሟን ለማን ትንገረው? ለታመመ ይታዘንለታል፤ ድኖ ለደከመ ሰው ግን ቃልም አልተበጀለት።

አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ ባልየው ቅባት የጠጣ የፍሪጅ ሞተር ሳህን ማጠቢያው ውስጥ ዘፍዝፎ አገኘችው። ድሮ ቢሆን ጣሪያው እስኪነሳ ትጮህ ነበር። ዛሬም ቁጣው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ወዲያው ሳህን ይዞ ያጎነበሰው ትዝ አላትና ዋጠችው። ሞተሩን አውጥታ ቅባቱን ስትፈገፍግ አመሸች። እየፈገፈገችም አሰበች፤ ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን ተቆጥታው አታውቅም። እሱም አይቆጣትም። ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል፤ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። በሽታው ሄዶ ውለታው ቤቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ሁለቱም ከሥሩ ጎብጠዋል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ባልየው ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጦ አንድ አሮጌ ሞተር ፈታቶ ሲያጸዳ፣ እሷ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ታየው ነበር።

«ያን ጊዜ የተነጋገርነው ትዝ ይልሃል?» አለችው።

እጁ ቆመ። የቱን ጊዜ ብሎ አልጠየቀም። «ይለኛል» አለ።

«ባልታመም ኖሮ ሄደህ ነበር።»

«ሄጄ ነበር።»

«አሁንስ?»

የያዘውን ብሎን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። «አሁንማ እንዴት ብዬ? ሰውስ ምን ይላል? ገና አቅምሽ ሳይመለስ…»

«ሰውን ተወው። እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ባልየው ብሎኑን በጨርቁ ጠቀለለው። «ዶክተሩ ዳነች ሲል እግዜር ያውቃል ደስ አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ወዲያው ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ስትታመሚ የማደርገውን አውቅ ነበር፤ ሾርባው አለ፣ ኪኒኑ አለ፣ ቀጠሮው አለ። አሁን ጠዋት ተነስቼ ምን ላድርግ? እንዲህ በማሰቤ ደግሞ አፈርኩ።»

«እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልኩት» አለች። «እናቴ በሕይወት ብትኖር አንተ ያደረግከውን አታደርግልኝም። ግን የተረፈኝን ዕድሜ አመሰግናለሁ ስል ብቻ መኖር አልችልም። ዕቃ የማጥብበት ውስጥ ብረት ስትዘፈዝፍ ልቆጣህ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትቆጪኝም?»

«በምን አፌ?»

ባልየው ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ዘይት በነካው እጁ ዓይኑን ሊጠርግ ሲል፣ «ተው፣ ያቃጥልሃል» ብላ የአንገት ልብሷን ወረወረችለት። ሕመሟ ሲጠና አንድም ቀን ሲያለቅስ አላየችውም፤ ያን ቀን ግን እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ተነስታ ልታባብለው ፈለገች፤ አቅም አልነበራትም። ባለችበት ሆና ጀርባውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«ደክሞኛል» አለ።

«አውቃለሁ። እኔም ደክሞኛል። ሂድና እረፍ።»

ሊለያዩ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩም ቤተሰቡም ተንጫጫ። ልጅቷ ደውላ፣ «እማዬ፣ አባዬ እንደዚያ ሆኖልሽ…» ብላ መጨረስ አቃታት። «የሆነልኝን አልካድኩም ልጄ» አለቻት። «አልተጣላንም። አባትሽን ደውዪለትና ደህና ነህ ወይ በይው፤ እስከዛሬ እሱን ማን ጠየቀው?» ልጅቷ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ቅር ብሏት ቆየች።

ታላቅ ወንድሟ በአካል መጣ። «መድኃኒቱ ያከመው ጡትሽን ነው ወይስ ጭንቅላትሽን ነክቶታል?» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት።»

«የለም፣ እኔ ነኝ የምሄደው» አለ ባልየው። ሁለቱም ጥፋቱን ወደየራሳቸው ሲስቡ ወንድምየው በማን እንደሚቆጣ ግራ ገባው። ሻዩን ሳይጨርስ ወጥቶ ሄደ።

ባልየው ከሱቁ ጀርባ ሌላ ክፍል አገኘና ገባ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእሷ ቀላል አልነበሩም። ብብቷ ሥር ወጋ ባደረጋት ቁጥር በሽታው የተመለሰ ይመስላትና ትርበተበታለች። አንዴ አልቻለችም፤ ደወለችለት። መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። ትናንት ከባድ የጨርቅ ጥቅል እንዳነሳች ስትነግረው፣ «እሱ ነዋ ታዲያ፣ ጡንቻሽ ነው» ብሎ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ከሄደ በኋላ ቤቱ ጭር አለባት፤ ጭርታው ግን የራሷ ነበር። ሲያሻት ትተኛለች፣ ሲያሻት ቆማ ትበላለች። ማንም «ዛሬ እንዴት ነሽ?» እያለ በዓይኑ አይመዝናትም። በተሰጠሽ ዕድል ምን ሠራሽበት ብትባል የምትናገረው ትልቅ ነገር አልነበራትም።

የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ ባልየው ሆስፒታል አገኝሻለሁ ብሎ አርፍዶ መጣ። «ሰዓት አታይም እንዴ አንተ ሰው?» አለችው። መንገድ ተዘግቶ ነው አለ። መንገድ እንደሚዘጋ እያወቀ ለምን ቀደም ብሎ እንዳልወጣ ጠየቀችው። ነርሷ ስሟን እስክትጠራ ድረስ ተጨቃጨቁ።

ውጤቱ ደህና ነበር። ድካሙስ ብላ ስትጠይቅ፣ ሐኪሙ አንዳንዱን ሰው ቶሎ፣ አንዳንዱን ዘግይቶ እንደሚለቅ ነገራት፤ እሷን መቼ እንደሚለቃት ግን ሊምልላት አልቻለም። በር ላይ ባልየው፣ «ላድርስሽ?» አላት። «ሥራ አለኝ፣ ሂድ» አለችው። ትከሻዋን ጨበጥ አድርጓት በአንዱ መንገድ ሄደ፤ እሷ በሌላው።

የምትለካው መስኮት ሊፍት የሌለው ሕንፃ ላይ ነበር። በየደረጃው መታጠፊያ ብረቱን ተደግፋ እያረፈች ወጣች። በሩን የከፈተችላት ወጣት ሴት ገና ቤት የገባች ናትና በየቦታው ካርቶን ተከምሯል። «መስኮቱ ይኸውና፣ ጠዋት ፀሐዩ ዓይኔ ላይ ነው የሚያርፈው» እያለች ጎተተቻት።

«ቆይ የኔ እህት» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። «መጀመሪያ ወንበር ስጪኝና ቁጭ ልበል።»

ሴትየዋ ከካርቶኖቹ መሃል አንድ ወንበር አወጣችላት። ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚገባ አየች፤ ከዚያ ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች።