ኪሎ በሳንቲም

ብርሃነሽ ደበሌን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባት የኖረው ነገር አንድ ነው፤ ትክክል መልሳ ተሳቀባት።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች የፊዚክስ አስተማሪዋ ቲቸር በኃይሉ ስለ ሽቦ ሞላ ፈተና ሰጡ። ሞላው ላይ የሚንጠለጠለው ጭነት በኪሎ፣ የሚለጠጥበት ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ጭነቱ እኩል ይሆናል ኬ የተባለው የሞላው ቋሚ ቁጥር ሲባዛ በርዝመቱ። «የኬ መለኪያ ምንድን ነው?» ይላል ጥያቄው።

ብርሃነሽ አልሸመደደችም። አባቷ ግን አናጢ ነበሩ። ሚስማር በኪሎ ይገዛሉ፣ ጣውላ በሳንቲም ይለካሉ። እነሱ ቤት ሴንቲሜትር የሚል ሰው የለም፤ ሳንቲም ነው። እሷም አሰበችው። በግራ በኩል ያለው ኪሎ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ሳንቲም አለ። እንግዲህ ይሄ ኬ የሚሉት ከላይ ኪሎ ይዞ መምጣት አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ሳንቲም ይዞ ያኛውን ሳንቲም ማጣፋት አለበት። አለዚያ ጣውላና ሚስማር እኩል ናቸው እንደ ማለት ነው። «ኪሎ በሳንቲም» ብላ ጽፋ ሰጠች።

ቲቸር በኃይሉ ወረቀቷን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አነበቡት።

«ኪሎ በሳንቲም! የምኑ ኪሎ ነው በሳንቲም የሚሸጠው? የድንቹ ነው የሽንኩርቱ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ሳንቲሙ እኮ...»

«ቁጭ በይ! ገበያ አይደለም የመጣሽው።»

ስሟ ኪሎ በሳንቲም ሆኖ ቀረ። በዓመቱ ትምህርቷን ተወች። ማንም አላባረራትም፤ እልኳ ነው ያስቀራት።

አሁን ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። አባቷ ሞተዋል፣ እህቷ አግብታ ርቃለች፣ እሷ አላገባችም። በቀን መቶ ሰው ያናግራታል፤ ሁሉም ስለ ዓሣ ነው። አጠገቧ የምትሸጠው ታቢታ እንኳ ስድስት ዓመት አብራት ሠርታ፣ አንድ ቀን ድንገት «እውነት ግን፣ ሌላ ስም አለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። ብርሃነሽ ዓሣውን መፋቋን ቀጠለች።

ጡረታ የወጡት ቲቸር በኃይሉም በየሳምንቱ ይመጣሉ። «ኪሎ በሳንቲም፣ ዛሬ ቆሮሶ ዓሣ አለ?» ይሏታል። መዝና ትሰጣቸዋለች። አንድም ቀን ስለ ስሙ አንስታባቸው አታውቅም።

በዚያ ሰሞን የምታንጠለጥለው የሞላ ሚዛን ቁጥሩ በሐይቁ እርጥበት ተበልቶ ጠፋ። ታቢታ «ጣይው» አለቻት። ብርሃነሽ እምቢ አለች። የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሳ፣ የታቢታን የብረት መመዘኛዎች አንድ በአንድ አንጠለጠለችና ለካች። አንድ ኪሎ ሞላውን ሁለት ሳንቲም ጎተተው። ሁለት ኪሎ አራት ሳንቲም። ሦስት ኪሎ ስድስት። ምንም ብትሰቅል፣ ኪሎውን ለሳንቲሙ ስታካፍለው ያው ግማሽ ነው። ግማሽ ኪሎ በሳንቲም።

እጇ ላይ ቅርፊት እንዳለ ቆማ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ታቢታ።

«ኬ ነው» አለች ብርሃነሽ።

«ማነው ኬ ደግሞ?»

የምትነግረው ሰው አልነበራትም። ሁሉንም፣ የፈተናውን መልስ፣ የተሳቀባትን፣ የሞላውን ልኬትም በወረቀት ጻፈችውና በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ ወደሚገኘው የቲቸር በኃይሉ ቤት ሄደች። ብቻቸውን ሬዲዮ ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ኪሎ በሳንቲም! ዓሣ ቤት ለቤት ማደል ጀመርሽ?»

«ዓሣ አልያዝኩም። ይሄን ስም ለምን እንዳወጡልኝ ያስታውሳሉ?»

«እኔ ነኝ እንዴ ያወጣሁልሽ? ዓሣ በኪሎ ስለምትሸጪ መስሎኝ። ሰዉ ሲልሽ ሰምቼ ነው።»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እሷ ሠላሳ ዓመት የተሸከመችውን እሳቸው ገና ከክፍሉ ሳይወጡ ጥለውት ሄደዋል። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሳንቲም ስትይ... ሴንቲሜትር ነው?»

«እኛ ቤት ሌላ ስም አልነበረውም።»

«ዛሬ ጭነቱን በኒውተን ነው የሚለኩት።»

«ፈተናው ላይ በኪሎ ነው የሰጡን።»

እንደገና ከላይ ጀመሩ። ሬዲዮውን ዘጉት።

«ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የኬ መለኪያ በዚሁ መንገድ ነው የሚወጣው። እኔ ገንዘብ መስሎኝ ነበር ማለት ነው። ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ቁጭ በይ አሉኝ።»

ቲቸር በኃይሉ ከኮት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፤ ራይት ሊያደርጉ ሲሉ ዓይናቸው እንደ ድሮው ልማድ ወደ ወረቀቱ አናት ሄደ።

«ስም የሌለው ወረቀት አላርምም ነበር» አሉ አፍረው። «ስምሽ ማን ነበር?»

ብርሃነሽ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዳ፣ በወረቀቱ አናት ላይ ጫን እያለች ጻፈች፤ ብርሃነሽ ደበሌ፣ ሰባተኛ ክፍል። ከዚያ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም መለሰችላቸው።

«አሁን ያርሙ» አለች።