የመሪጌታ ሳል

ሰው ነን ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ! የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራው የእነ አበራሽ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተደፍቶ እያለ ማኅበርተኛው ሁሉ የየራሱን ውሃ በሃይላንድ ይዞ ከተፍ አለ። ባሏ መሪጌታ ገብረመድኅን ባይኖሩ ኖሮ አበራሽ ያንን ውሃ በየአናታቸው ታፈስላቸው ነበር።

ነገሩን የጀመረው የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው ይሻው ነው። መሪጌታን ቅዳሴ መካከል ሳል ያዛቸውና ነጠላቸውን ደም ነካው። ይሻው ከደጀ ሰላም ሳይወጣ "የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ጽዋውን ለብቻቸው አድርጉላቸው" ብሎ ለደብረ ታቦር ሁሉ አዳረሰ። ጤና ጣቢያው አክታቸውን መርምሮ ነቀርሳ የለም ሲል ደግሞ "ማሽኑ ነዋ የማያይ!" አለ። ከበግ በሽታ ሌላ የማያውቅ የበግ ነጋዴ! አበራሽ ጥላውን እንኳ ተጠየፈችው።

መሪጌታ ግን አልተቆጡም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ የቀራቸው ደስታ ከአባታቸው የወረሱት ያ ማኅበር ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ "ከጽዋው ከተለየሁማ ሞቻለሁ፣ አበሩ" አሏት። አንጀቷን በሏት።

ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰደቻቸው። መንገዱን ሳያጋምሱ መኪና ውስጥ ደም ተፉ። ሐኪሟ ደረታቸውን ራጅ አስነስታ ካየች በኋላ "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" አለች። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አበራሽ ከጉያዋ የልብ ክኒናቸውን አወጣች፤ አምና አዲስ አበባ የልባቸው ደም ሥር ውስጥ ሽቦ ሲገባላቸው የታዘዘ ነው። በየማለዳው በገዛ እጇ ነበር የምታጎርሳቸው።

"ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ከስንት አንዴ ሳንባን ያደማል" አለች ሐኪሟ። "ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ሽቦው ይደፈናል።" እዚያው አስተኝታ በሌላ ለወጠችላቸው። ደሙ ቆመ፤ ሳሉም ተዋቸው።

ተራው የይሻው ሲሆን ሄዱ። አበራሽ የሐኪሟን ቃል አንድም ሳታስቀር ለማኅበርተኛው ነገረች። ይሻው ብድግ ብሎ መሪጌታን እያገላበጠ ሳመና "እኔስ ድሮም ልብ ነው ብያለሁ!" አለ። አይ አፍ! ጽዋውንም አስቀድሞ ለእሳቸው ሰጠ። መሪጌታ ባርከው ተጎነጩ፤ እንባቸውም ዱብ ዱብ አለ።

ጽዋው ዞረ። ይሻው ከንፈሩን አስነክቶ "እሰይ!" አለ። ከጎኑ ያለውም አስነካ። አበራሽ ጉሮሮ ጉሮሯቸውን አየች፤ የአንዱም አልተንቀሳቀሰም። ነጠላ የለበሰ ፈሪ ሁላ! ጽዋው እንደሞላ ሲመለስ ስድቡ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ባሏን አየችና ዋጠችው። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ባያይ እጃቸው ክብደቱን ያውቀዋል። ቀደም ብላ ተቀበለችና እስከ አተላው ጨልጣ ባዶውን አስጨበጠቻቸው።

"ጨረሱትሳ!" አሉ መሪጌታ፣ በሳቅ።

"እንዴታ፣ ጨረሱት" አለች፣ ይሻውን ዓይን ዓይኑን እያየች።