በአባይነሽ ላይ የቆመው ተራ

የፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ሰፈርተኛው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች አንድ ላይ ሲቆሙ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። ያሰባሰባቸው ደግሞ ሙዚየም ነው፤ ማን ያምናል! ከመፍረስ በተረፈ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ የሰፈሩ ታሪክ ሙዚየም ተከፍቶ፣ ጽዋቸው እዚያ ገብቷል። የሰጡት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ሉልሰገድ ናቸው። "እኔ ቤት አቧራ ከሚጠጣ ሰው ይየው" ብለው።

ፎቅ ወጥተው ሲያዩት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ያ በየወሩ በሃያ ሦስት ጠላ ተሞልቶ ሲዞር የኖረ ጥቁር ሸክላ፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ መብራት በርቶለት እንደ ሙሽራ ተጎልቷል።

"አያችሁት፣ ሲያምርበት! እኛ ነን ያረጀነው" አለች ምብራት።

አባይነሽም ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ማኅበሩ የቆመው በእሷ ተራ ላይ ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ሳለ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ፤ ሰው ዕቃውን መኪና ላይ ሲጭን ማን ጽዋ ይቀበላል? ከዚያ ወዲህ ሰማዕቱ "የአንቺን ቤትስ ይቅርብኝ" ያላት እየመሰላት፣ ለማንም ሳትተነፍስ በጸሎቷ መካከል ብቻ ስትጠይቀው ኖራለች።

አስጎብኚዋ ሰምሃር የምትባል ፈገግታዋ የማይጠፋ ልጅ ናት። የጽዋው ባለቤቶች መሆናቸውን ስትሰማ ቁልፏን አወጣች።

"ለእናንተማ ሳጥኑ ይከፈታል! ኑ፣ ተራ በተራ ያዙት፣ ፎቶ አነሳችኋለሁ።" ጽዋውን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ምብራት ዘረጋችው። "ይቀበሉኝ እማማ።"

ምብራት ከእሳት እንደምትሸሽ ሸሸች። "እኔ? ኧረ በሥላሴ!" እጆቿ ነጠላዋ ውስጥ ገቡ። ጎኗ የቆሙት ጋሽ ገነነ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ሌሎቹም ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ፤ አንዷ ድንገት የጫማዋ ማሰሪያ ትዝ አላት።

"እንዴ፣ አይነክስም እኮ!" አለች ሰምሃር።

"ከመንከስ ይብሳል፣ የኔ ልጅ" አለቻት ረይሀና። ረይሀና ማኅበርተኛ አይደለችም፤ የአባይነሽ የግድግዳ ጎረቤት የነበረች፣ ሸቀጥ ነጋዴ፣ የማኅበሩ ዳቦ አንድም ወር ያልቀረባት ሙስሊም ናት። "ይኼን የተቀበለ ሰው የሚመጣውን ወር ደጋሽ ነው። ይኼን ሁሉ ሕዝብ ያበላል፣ ያጠጣል።"

"የእኔ ቤት ስቱዲዮ ነው!" አለች ምብራት። "ቄሱ ከገቡ እኔ መውጣቴ ነው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰምሃር ጽዋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"አምጪው ለእኔ፣ እኔ ላይ አይሠራም" ብላ ረይሀና ተቀበለቻት። ሁሉም "እፎይ" አለ፤ እጆች ከየተደበቁበት ወጡ። ረይሀና ግን ለፎቶው አልቆመችም፤ ወደ አባይነሽ ዞረች።

"አባይነሽዬ፣ ያ ጌሾ የት ደረሰ? ሽታው በግድግዳው አልፎ እኔ ቤት ከርሞ ነበር እኮ።"

ሰማዕቱ የናቀው የመሰላትን ድግስ ሌላ ሰው ይህን ያህል ጊዜ አስታውሶላት ኖሯል! አባይነሽ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ስጪኝ።"

ተቀበለች።

የምብራት እልልታ ጣሪያውን መታው። ዘበኛው ደረጃውን እየዘለለ መጣ።

"ምን ተሰበረ?"

"ምንም! ተቀበለች!"

"ከሙስሊም እጅ ነው የተቀበለችው፤ ይቆጠራል?" አሉ ጋሽ ገነነ።

ጋሽ ሉልሰገድ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ሰማዕቱ የሰጪውን እጅ አይመረምርም። አጎንብሳ ተቀብላለች፤ አለቀ!"

"እሰይ! እንግዲህ እማማ፣ ይመልሱልኝ" አለች ሰምሃር።

"ጽዋ አይመለስም፣ ልጄ። ከተቀበሉ ወደ ቤት ነው" አለቻት አባይነሽ።

"ወደ ቤት? ኧረ ከዚህ ግቢ መውጣት ክልክል ነው! እኔን ነው የሚያባርሩኝ!"

ሰምሃር በአንድ በኩል ያዘች፣ አባይነሽ በሌላው፤ ሁለቱም እንዳይሰበር እየተጠነቀቁ፣ ሁለቱም እየሳቁ። ነጠላዋ ወረደ፤ ረይሀና መለሰችላት። የአባይነሽ ሳቅ ግን እየቀጠነ ሄደ። አሁን ከለቀቀች ማኅበሩ ዳግመኛ በእሷ ላይ ሊቆም ነው። በሆዷ "ጊዮርጊስ፣ አንተው አንድ በለኝ" አለች፤ አፏም ቀደማት።

"እሱ ካልወጣ እኔ እመጣለኋ! ድግሱን እዚሁ ግቢ አደርገዋለሁ።"

ሰምሃር ጽዋውን ለቀቀችና ስልኳን አወጣች። "ኧረ ሌቦች አይደሉም፣ ማኅበርተኞች ናቸው" እያለች ለኃላፊዋ የሆነውን ሁሉ አስረዳች። ከስልኩ ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ።

"ፈቅደዋል" አለች ሰምሃር። "ጠላው ፎቅ እንዳይወጣ ብቻ። እኔንም ጥሩኝ ብለዋል።"

"ለሚመጣው ወር የደጋሿ ቤት ይኼ ነው፤ ማስቀመጫውም ያ ሳጥን" ብለው ጋሽ ሉልሰገድ ፈረዱ። "አድርሷት!"

ሳጥኑ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር፤ ግን ጽዋ ያለ አጀብ አይሄድምና ቤቱን በሙሉ ዞሩት። ከፊት ጽዋውን የያዘችው አባይነሽ፣ ከኋላ እልልታው፤ በአሮጌ ካሜራዎች፣ በተሰቀሉ ኮቶች፣ በአንድ ዝምተኛ ፒያኖ አጠገብ አለፉ። ሊጎበኙ የመጡ ባልና ሚስት ምን እንደሆነ ሳያውቁ እያጨበጨቡ ተከተሉ። ዘበኛው መለዮውን አውልቆ ነበር።

አባይነሽ ጽዋውን በገዛ እጇ ሳጥኑ ውስጥ አኖረችና አማተበች። እየሳቀች አጠገቧ ያገኘችው የመሳፍንት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "መቀመጥ ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሎበታል። ሰምሃር አየችው፤ ጽሑፉን አወረደችና በክንዷ ስር ሸጎጠችው።

"የጠላውን በርሜል የት ነው የምናስቀምጠው፣ እማማ?" ስትል ጠየቀቻት።