ጥቆማ

«ስሜን የጠቆመው ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ጉዲቱ ፈገግ ብላ። ከምትሠራበት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ወጥታ ያን ሁሉ ጭቃ የሮጠችው ይህን ለማብሰር ነበር። «ተመርጠዋል እኮ! ማኅበራችን ትልቅ ድስት፣ እህልና የሥዕል ሰሌዳ ሊሰጥዎት ነው።»

ወለተጻድቅ ጉዲቱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው የግቢውን በር ዘጉ።

ጉዲቱ ግራ ገባት። ሴትዮዋ ድሮ የባልትና አስተማሪ ነበሩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የኮልፌን ልጆች ግቢያቸው ሰብስበው፣ ሕፃን ምን ሲበላ እንደሚጠነክር ያስተምራሉ። «እማዬ፣ ገብሱ ብቻውን አያሳድግም፣ ሽምብራ ጨምሪበት» ያለቻት ልጇ ሚስኪ ከዚያ ተምራ መጥታ ነው። እግሩ አብጦ፣ ፀጉሩ ሳስቶ የነበረው ትንሹ ልጇ ቱሉ ዛሬ አጥር ተደግፎ ይሄዳል። ታዲያ የሠራተኛ ማኅበሩ «በየሠፈራችሁ ለልጆች አመጋገብ የሚያስተምር ካለ ጠቁሙ፣ እንረዳለን» ሲል ሌላ ማንን ትጥራ?

«በስድሳ ዘጠኝም ወንድሜን የጠቆመው ጎረቤት ነው» አሉ ወለተጻድቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስሙ ከዝርዝር ገባ፣ በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ የነገረን የለም።»

«ይሄ እኮ የድስት ጥቆማ ነው፣ እትዬ!»

«ወረቀት ይህን ከዚያ መች ይለያል? ስሜን አሰርዢልኝ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹን መች አትምጡ አልኩ? ቅዳሜም ይምጡ። ስሜ ግን ይውጣ።»

በማግሥቱ ጠዋት የማኅበሩ ጸሐፊ ጓድ ወንድይፍራው ነገሩን ከጉዲቱ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ምስጋናን ክስ አደረጉት? ኃላፊ የሌለው ድጋፍ አይወጣም። ዛሬ ስም ካላገኘሁ ለአስኮ ሠፈር ሰዎች አስተላልፈዋለሁ።»

ጉዲቱ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነገሩ ደግ ከሆነ ለምን ያስፈራል? የሚያስፈራ ከሆነስ ስማቸው ሲነበብ ያ ሁሉ ሠራተኛ ለምን አጨበጨበ? እሷም መዳፏ እስኪቀላ አጨብጭባለች። ሌሊቱን ሙሉ ብታስበውም ውሉ አልተገኘላትም።

«ጓድ፣ ይሄ ወረቀት ከዚህ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ወንድይፍራው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ።

«ወደ ቀበሌ… ከዚያ ወዲያ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

እሱም አያውቅም ለካ! ጉዲቱ ሚስኪንና ቱሉን አሰበች፤ እነሱን ማሰቡ እንድትፈራም እንድትደፍርም አደረጋት።

«እንግዲያው የኔን ስም ያስገቡት።»

«አንቺን? አንቺ ምን ታስተምሪያለሽ?»

«ገብስና ሽምብራ መቀላቀል። የቀረውን እየተማርኩ።»

ሰውየው ትንሽ አያት። ከዚያ የወለተጻድቅን ስም በወፍራሙ ሰረዘና የቀለሙን ሳጥን ከፈተ።

«በይ፣ ጣትሽን አምጪ።»

ጉዲቱ እጇን ሰበሰበች። መሠረተ ትምህርት ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ስሟን ከደብተር ውጭ ጽፋ አታውቅም።

«እስክሪብቶውን ይስጡኝ» አለች፤ ወረቀቱንም ወደ ራሷ ሳበች።