ያልተሰማ አዎ

ሩሃማ ስሟ ሲጠራ መልሳለች፤ አስተማሪዋ አልሰማችም። የተበላሸው ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ትምህርት ቤቱ ደውሎ «መሣሪያ ይዤ እየመጣሁ ነው» አለ። ውሸቱን ነበር፤ ውሸት መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው። በሮች ተቆለፉ፣ መብራት ጠፋ፣ ልጆቹ ከመስኮት ርቀው ግድግዳ ሥር እንዲቀመጡ ተደረገ። የሩሃማ አስተማሪ የዚያን ቀን ስላልነበረች ክፍሉን የያዘችው በእሷ ምትክ የገባች ሴት ናት፤ የልጆቹን ፊት ገና አታውቅም። በጨለማው ውስጥ በሹክሹክታ ስም ጠራች። የሩሃማ ተራ ሲደርስ ሩሃማ አፏን ከፈት አድርጋ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

እኛ ቤት ይህ «አዎ» ነው። እናቷ ሔዋን እንዲህ ትመልሳለች፤ እኔም የሔዋን ታናሽ እህት እንዲሁ እመልሳለሁ፣ ስልክ ላይ ሳይቀር። ድምፅ እንዳታሰማ የተነገራት የስምንት ዓመት ልጅ ስሟ ሲጠራ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ታመጣለች? ሴትዮዋ ግን የደነገጠ ልጅ ትንፋሽ መሰላትና ወደሚቀጥለው ስም አለፈች። ከዚያ ለሔዋን ተደወለላት። ልጅዎ የት እንዳለች ማወቅ አልቻልንም አሏት።

ሔዋን አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ስልኩ ሲመጣ ቁርስ እያበላቻቸው ነበር፤ የሴትዮዋን ልጅ ከላይ ፎቅ ጠርታ ማንኪያውን እንደያዘች መኪና ውስጥ ገባች። እኔ ጋሃና ካለው ቢሮዬ ወጥቼ ስደርስ ፖሊሶቹ መንገዱን ከዘጉበት ቦታ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ማንኪያው አሁንም እጇ ላይ ነው። አታለቅስም። አንዱን ፖሊስ በአማርኛ ታናግረዋለች።

«አንድ ልጅ ናት ያለችኝ፤ አንድ» ትለዋለች።

«ማም፣ ፕሊስ፣ ወደ ኋላ» ይላታል በእንግሊዝኛ።

«አንድ ናት እኮ።»

ከቆይታ በኋላ ልጆቹ በሰልፍ ወጡ። ሩሃማ መሀል ላይ ነበረች፤ ጃኬቷን እስከ አገጯ ድረስ ዘግታለች። ሔዋን ስታቅፋት ልጅቷ መጀመሪያ ያለችው «አይ ሴድ የስ፣ ማሚ» ነው። «ብያለሁ። አልሰማችኝም።»

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ደውዬ ነገሩን አስረዳሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በጥሞና አዳምጣኝ ስታበቃ ልጅቷ አስም አለባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለባትም፣ አዎ ማለቷ ነው አልኳት። እንዲገባት ብዬ ስልኩ ላይ አየር ሳብ አደረግሁ።

«ደህና ነሽ?» አለችኝ ደንግጣ።

ይህን ለሔዋን ስነግራት የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «አየሽ፤ ሬሳዋን ቢሰጡኝም አስም ነበረባት ነው የሚሉኝ» አለች።

የዚያኑ ዕለት፣ ባሏ ግርማቸው ኤርፖርቱ አጠገብ ከሚሠራበት መጋዘን ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ነገረችው። «ሁለተኛ እዚያ አትሄድም። ቤት ትማራለች።»

«ማን ነው የሚያስተምራት?»

«እኔ።»

«አንቺ ክፍልፋይ ታውቂያለሽ?»

«ሉሊት ታውቃለች። ያን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠችው ለምን ሆነና?»

«እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ቁጥር አይደል?»

ግርማቸው መሳቅ ጀምሮ ተወው። የእሷን ፊት አይቶ ነው። «እሺ፣ እስከ እሑድ ሞክሪው» አላት። «ሰኞ ግን ወይ በይፋ እናስወጣታለን፣ ወይ ትሄዳለች። መሀል ላይ አንጠልጥለናት አንቀርም።»

ኦሃዮ ውስጥ ልጅን ቤት ለማስተማር ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ፈተና የለም፣ መጥቶ የሚያይ የለም። ሔዋን ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። እኔን ያስፈራኝ ይኸው ነበር። እኔ ዋይትሆል እነሱ ቤት ነው የምኖረው፤ የቤቱ በር ተዘግቶ ማንም የማይመጣበት ዓመት ምን እንደሚመስል ለመገመት ብዙም አልተቸገርኩም።

ሔዋን የሥራ ሺፍቷን አሳጠረች። ጠዋት ጠዋት ሩሃማን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ታስነብባታለች፤ ከሥራ ስመለስ ሒሳቡ የእኔ ነው። መጽሐፍ ተዋስን፣ ቀለም ተገዛ፣ ግድግዳው ላይ ካርታ ተለጠፈ። ላይ ላዩን ሲያዩት ትምህርት ይመስል ነበር። ሔዋን በእርግጥ ያስተማረቻት ግን አንድ ነገር ነው፤ መጠራትን።

«ሩሃማ!» ትላለች ከወጥ ቤት።

«አቤት!»

«ከሆድሽ! ሰው እንዲሰማሽ!»

«አቤት!»

አየር መሳብ ተከለከለ። ሩሃማ ረስታው ወደ ውስጥ ከመለሰች ሔዋን ያለችበት ድረስ መጥታ ትከሻዋን ትይዛታለች። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ ይመስል ነበር፤ ልጅቷም ሆን ብላ እየጮኸች ትስቅ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቀረ። መጸዳጃ ቤት ስትገባ ትጠራታለች። ልብስ ስትቀይር ትጠራታለች። ዓርብ ዕለት፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ እያየቻት ጠራቻት።

«ሔዋን፣ እዚያው ናት እኮ» አልኳት። ዓርብ ዓርብ ከቤት ነው የምሠራው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጠሪያታለሽ?»

«ስትመልስ መስማት እፈልጋለሁ። አንቺ ኮምፒውተርሽ ላይ አትሠሪም?»

ከምሳ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጠንከር ያለ ነበር። ስነሳ ከኋላዬ ወንበር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ሳላይ ከፈትኩት። ዕቃ አድራሹ ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ ደረጃውን እየወረደ ነበር። የልብስ ሳሙና ነው። ዘግቼ ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ማንም የለም።

ሥሩ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱም ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ሩሃማ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስጠግታ አንድ እጇን አፍ ላይ አድርጋለች። የራሷ አፍ ላይ አልነበረም። የእናቷን አፍ ነው የያዘችው።

«ሳሙና ነው» አልኩ።

ሔዋን የልጇን እጅ ቀስ አድርጋ አነሳች። «ሄዷል?»

«ሳሙና ነው ያመጣው። አንቺ ነሽ ያዘዝሽው።»

«በሩን ቆለፍሽ ወይ?» አለች ሩሃማ በእንግሊዝኛ። ጥያቄው የእናቷ ነበር፤ ድምፁ እንኳ።

ቅዳሜ ወደ እትዬ ወሰንየለሽ ሄድን። ቸርቻችን የሚመጡ ሴት ናቸው፤ ጋሃና ይኖራሉ፤ ሦስቱን ሴት ልጆቻቸውን ቤት ነው የሚያስተምሯቸው። ሔዋን የሄደችው ለምክር ነው ትላለች እንጂ ምርቃት ፍለጋ ነበር። ቤታቸው የሚገርም ጩኸት ነው። ትልቋ ልጅ የተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ ገብታ ወገቧ ብቻ ይታያል፤ መካከለኛዋ ከላይ ሆና ከመጽሐፍ መመሪያ ታነብላታለች፤ ትንሿ ከጓሮ ጭቃ ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሔዋን ዓይኗን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻለችም።

«እትዬ፣ በሩን አይዘጉትም?»

«ለምን? ዝንብ እንዳይገባ ነው?»

«አይ፣ እንዲያው።»

ትንሿ ልጅ ሩሃማን ለጨዋታ ወደ ጓሮ ጠራቻት። ሩሃማ የእናቷን ቀሚስ ሳትለቅ አጥሩ ሌላ መውጫ እንዳለው ጠየቀቻት። ልጅቷ ጥያቄው አልገባትም። እትዬ ወሰንየለሽ ግን ሰምተዋል፤ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«ሔዋንዬ፣ እኔ የጀመርኩት ማስተማር ስለምወድ ነው» አሉ። «አገር ቤትም አስተማሪ ነበርኩ። እነዚህ ሲጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ያሳብዱኛል፤ ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ ተደብቄያቸው ነው ምሳ የበላሁት። አንቺስ ምኑን ልታስተምሪያት ነው?»



«በሕይወት እንድትኖርልኝ» አለች ሔዋን።

እትዬ ወሰንየለሽ አልተቆጡም፣ አልመከሩም። «የኔ ልጅ፣ ለእሱ የሚሆን መጽሐፍ የለኝም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ? የራስሽን ወልደሽ ክፍልፋይ አስተምሪ እንጂ!»

«የእነሱን ልጨርስ» አልኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሔዋን ሴትዮዋ ድሮም ቸልተኛ ናቸው አለች። የጓሮውን በር ደጋግማ አነሳች። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና መሪውን እንደያዝኩ ነገርኳት፤ ልጅሽን ያስፈራት ትምህርት ቤቱ አይደለም አንቺ ነሽ፣ አንድ ቀን ያየችውን በየቀኑ ታሳያታለሽ አልኳት። እንደማይደርስ ማረጋገጫ ስጪኝ አለችኝ። ማረጋገጫ የለኝም። 

እሑድ ከሰዓት ከሩሃማ ጋር ክፍልፋይ ላይ ነበርን። ግማሽና ሩብ ደምራ፣ እርሳሱን አስቀምጣ፣ ድንገት ጠየቀችኝ። ልጅቷ ከባድ ነገር ስታወራ በእንግሊዝኛ ነው።

«በእውነት ቢመጣስ?»

«ማን?»

«ሰውየው። ትምህርት ቤት።»

ውሸት ላግኝ ብዬ ፈለግሁ፤ ጥሩ ውሸት አልመጣልኝም። «አላውቅም» አልኳት።

«እዚህ ቤትስ ቢመጣ?»

«እሱንም አላውቅም።»

አሰበችበት። ሒሳብ ስታስብ እንደምታደርገው ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «ትምህርት ቤት ብዙ ነን» አለች። «ሁሉም ዝም ማለት ይችላል። ተለማምደናል። እዚህ እኔና ማሚ ብቻ ነን። ማሚ ደግሞ ዝም ማለት አትችልም። እኔ ነኝ የምይዛት። እጄ ቢደክመኝስ?»

ሔዋን የታጠበ ልብስ አቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። እንግሊዝኛው አላመለጣትም፤ ይህን ከፊቷ አወቅሁ። ልብሱን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች፤ ማንንም አልጠራችም። ራት ላይ ግርማቸው «ታዲያ ነገስ?» ብሎ ሲጠይቃት «ምሳዋን አዘጋጃለሁ» አለችው። 

ሰኞ ጠዋት ግርማቸው ሥራ ከሄደ በኋላ ሦስታችን ሳሎን ውስጥ ቆምን። ሔዋን የሥራ ልብሷን ለብሳለች። የሩሃማን ጃኬት ዘጋችላት፣ ከፈተችው፣ እንደገና ዘጋችው። ባሱ አፓርታማው መግቢያ ላይ ነው የሚቆመው፤ ገና ጥቂት ጊዜ ቀርቶታል።

«ሉሊት፣ ባሱ ላይ የምታሳፍሪያት አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ ካየሁ አልለቃትም።»

ሳምንቱን ሙሉ ስሟገት የነበረው ለዚህ ነው። አሁን ግን የልጅቷ እጅ እጄ ውስጥ ሲገባ አንድ ሳምንት ይጨመር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማረጋገጫ ስጪኝ ያለችኝ እውነቷን ነው፤ የያዝኩት ክርክር ብቻ ነበር፣ ክርክር ደግሞ ሰው አያስጥልም። ሔዋን አየችኝ። ያሰብኩትን እንዳወቀች ገባኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ጃኬቱን መልሳ ታወልቅላታለች። ዝም አልኩ።

ጎንበስ ብላ የልጇን ፀጉር በመዳፏ ወደ ኋላ ሰበሰበችው። ሊታሰር የሚገባው ነገር አልነበረም፤ ሌሊቱን ተሠርቶ ያደረ ሹሩባ ነው።

«ማሚ፣ ሂጂ» አለቻት ሩሃማ፤ በአማርኛ። «ይረፍድብሻል።»

ሔዋን ቀና አለች። የመኪና ቁልፏን ከጠረጴዛው አነሳች፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ወደ በሩ ስትሄድ ዞር ብላ አላየችም። ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።