ፊት የሚነዳው

"ኧረ ቀስ በል! ዳቦ ሊያርርብህ ነው እንዴ?"

ከኋላ የጮኸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባቡር ጥርሱን ነክሶ ከኮርቻው ብድግ አለና ያንን ከባድ የብረት ብስክሌት ቆሞ ይረግጠው ጀመር። ዳገቱ ገና መጀመሩ ነበር።

"ባቡር" እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ክንዱን ሊጥ፣ ጭኑን ደግሞ በየንጋቱ ዳቦ ጭኖ የሚያድልበት ይህ ብስክሌት አጠነከሩለት። በእሑድ ጠዋት ጉዞ ላይ የደከመውን ሁሉ በአንድ እጁ ጀርባውን ደግፎ እየገፋ ዳገት ስለሚያወጣ ጓደኞቹ ባቡር አሉት፤ በዚያው ቀረ። ቦታውም ሁልጊዜ ከሁሉም ኋላ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ደንብ እንዲህ ነው፤ ፊት የሚነዳው ከሁሉም ደካማው ነው። ማንም አይቀድመውም። እሱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል፤ እሱ ከወረደ ሁሉም ይወርዳል። ብስክሌቶቻቸውም አመላቸው እንደ እነሱ ነው፤ ማርሽ የማያውቁ፣ ሰፋፊ ኮርቻ ያላቸው የድሮ ብረቶች። ቀጫጭን ጎማ ያላቸው ወጣቶች ሽው ብለው ሲያልፏቸው "በሰላም ግቡ!" ብለው መርቀው ይሸኟቸዋል። መድረስ ያስቸኮለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ፣ እዚያ ቀድሞ ደርሷል ይላሉ።

ደንቡን ያወጣው ደግሞ ማን ሆነና? ራሱ ባቡር! ልብስ ሰፊዋ በታመመ ጉልበቷ መጀመሪያ ስትቀላቀላቸው "ይቅርብኝ፣ ወደኋላ አስቀራችኋለሁ" ብላ ነበር። "እንግዲያው ፊት ሁኚ፤ ፊት ያለ ሰው ማንንም ወደኋላ አያስቀርም" አላት። ያን ቀን ንግግሩ ለራሱም ጣፍጦት ነበር። ዛሬ፣ ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ሲል፣ ሁሉም ሳይነጋገሩ ገለል ብለው የፊቱን ቦታ ለቀቁለት። መረረው።

በዚያ ላይ ልጁ አለች። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሴት ልጁ "ብቻህን አለቅህም" ብላ፣ የልብስ ሰፊዋን ትርፍ ብስክሌት ተውሳ፣ ከተማሪነቷ ወዲህ ነክታው የማታውቀውን ፔዳል እየረገጠች ከመጨረሻ ትከተላለች። ከቤት ሲወጡ የተናገረችው እስካሁን ጆሮው ላይ አለ።

"ስማኝ አባዬ፣ መንገድ ላይ ከደከመህ ይሄ ብስክሌት ይሸጣል። በቃ፣ ጨርሻለሁ!"

ስለዚህ መድከም የሚባል ነገር የለም። ባቡር ረገጠ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ደረቱን አላመመውም፤ ብቻ ከውስጥ አንድ ነገር "ተው" አለው። ይህን "ተው" ያውቀዋል። ልቡን በታመመ ዕለትም እቤቱ ምድጃ አጠገብ እንዲሁ ብሎት ነበር፤ "ንፋስ ነው" ብሎ ሊጡን ማሸት ቀጠለ። ዱቄት ላይ ተዘርሮ ያገኘችው ልጁ ናት።

ዘወር ብሎ አያት። ላብ አጥምቋታል፣ የብስክሌቱ መሪ እጇ ላይ ይወላገዳል፤ ዓይኗ ግን መንገዱን ትቶ እሱ ጀርባ ላይ ተተክሏል። አንጀቱን በላችው።

ፍሬን ይዞ ወረደ።

"ምን ሆንክ አባዬ?" ብስክሌቷን ሣሩ ላይ ጥላ እየሮጠች መጣች።

"ሰንሰለቱ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ሰንሰለቱ ምንም አልሆነም። "ደክሞኛል" አላት። "አያመኝም። ግን ደክሞኛል፣ ልጄ።"

የእጁን አንጓ ይዛ የልቡን ምት ቆጠረች። ሌሎቹም ወርደው፣ ብስክሌታቸውን ተደግፈው ጠበቁ። ባቡር አሮጌ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ በሆዱ ተሰናበተው።

"እንግዲህ ቃልሽ ቃል ነው። ሽጪው" አለ። "ብቻ ዝናብ ላይ ለማያሳድረው ሰው ይሁን።"

"ኧረ አባዬ!" እንባዋ መጣ። "መድከምህ መሰለህ የሚያስፈራኝ? መደበቅህ ነው እንጂ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ደክሞኛል ስትል በዕድሜዬ ዛሬ ገና ሰማሁህ።"

"ታዲያ ጠዋት ያልሽውስ?"

"ጨንቆኝ ነዋ! ደግሞ አጥፍቻለሁ። ከደከመህ ይሸጣል ማለት ድካምህን ደብቅ ማለት ነው እኮ።"

"የሚሸጥ ከሆነ ግን ገዥው እኔ ነኝ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ለነገሩ እኔም ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ይሄ ሰውዬ መቼ ወርዶ ይገላግለኛል እያልኩ ስጸልይ ነው የመጣሁት።"

ባቡር ሳይወድ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም።

"ጋሼ፣ እኔ ፊት ሆኜ ይህን ሁሉ ዘመን በየዳገቱ ሳስወርዳችሁ አንድ ቀን አጉረምርማችኋል?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"ታዲያ ለእኔ ክብር የሆነው ለእርስዎ ሲሆን ውርደት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?"

ባቡር ቀና ብሎ ብስክሌቱን ይገፋ ጀመር፤ ሁሉም ከኋላው እየገፉ ተከተሉት። ልጁ ከጎኑ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ሰው አይሰማኝም ብሎ ያንጎራጉራል። አናቱ ላይ ሲደርሱ ባቡር ቆመ። ለካ ከፊት ሲሆኑ መንገዱ ባዶ ነው! እሱ በየሳምንቱ የሰው ጀርባ ሲያይ ነው የኖረው። ከታች ሜዳው፣ የቤቶቹ ጣሪያ፣ ወንዙ፣ ሁሉም በጠዋት ፀሐይ ተዘርግተዋል። ይህን ሁሉ ሳያየው ሊቀር ትንሽ ነበር የቀረው። "ተመስገን" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ዞር ብሎ እያንዳንዳቸውን አየና "እናንተም ኑሩልኝ" አላቸው።

ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዙ በዝግታ ወረዱት። የወንዙን ድልድይ ሲሻገሩ ልጁ ከኋላ እንዲያው የብስክሌቷን ደወል ስታቃጭል ሰማት፤ ደስ ብሏታል ማለት ነው።

ከድልድዩ ማዶ ሁለተኛው ዳገት ይጠብቃል። አጭር ነው። ባቡር ትንፋሹ ተመልሷል፣ እግሩም አልከበደውም፤ ቢሞክር ምናልባት ይወጣው ነበር። ማንም ውረድ አላለውም። ገና ከዳገቱ ሥር ፍሬን ያዘና ወረደ። ከኋላው እግሮች ተራ በተራ መሬት ሲረግጡ ሰማ።

"ደከመህ አባዬ?" አለች ልጁ።

"አልደከመኝም" አላት መግፋት እየጀመረ። "ሳይደክመኝ ልውረድ ብዬ ነው።"